ጥያቄና መልስ፦ የሐኪሞች የሥራ ጫናና ከታካሚ ጋር መነጋገር

በተለያዩ ሆስፒታሎች ከሚሠሩ ሐኪሞች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደ አንድ ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን) የሚያስተምር የውስጥ ደዌ ሐኪም መልስ ሰጥቻለሁ። ጫናንና መነጋገርን ነጣጥዬ ያላየኋቸው፣ ታካሚዎቹን በወጉ ሳያነጋግር የዋለ ሐኪም ማታ ይበልጥ ዝሎ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

ጥያቄ፦ ከዱቲ (ከተረኝነት ሥራ) በኋላ ሁላችንም እንደክማለን። ተራውን ድካም በርንአውት ከሚባለው የሥራ ዝለት በምን ልለየው?

መልስ፦ ተራ ድካም እንቅልፍና ዕረፍት ሲያገኝ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው በርንአውትን ያሰፈረው በበሽታነት ሳይሆን በሥራ ምክንያት እንደሚመጣ ክስተት ነው። መለያዎቹም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና «የምሠራው ነገር ዋጋ የለውም» የሚል ስሜት ናቸው። በተለይ ሁለተኛውን ይከታተሉ፤ ታካሚውን በስሙ መጥራት ትተው «አልጋ ሰባት» ማለት ከቀናዎ፣ ወይም ራውንድ (የተኙ ታካሚዎች ጉብኝት) ላይ የአስታማሚ ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ የሚያናድድዎ ከሆነ፣ ምልክቱ ታይቷል። ከሥራ ውጭም ደስታ ከራቀዎ፣ እንቅልፍ ከጠፋ ወይም መኖር ካስጠላዎ ግን ነገሩ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳይሉ የአእምሮ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በተመላላሽ ክፍል በር ላይ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እያለ እያንዳንዱን እስኪጨርስ ላድምጥ ብል ሥራው እንዴት ይገፋል?

መልስ፦ ስጋትዎ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ጉዳዩ ተለክቷል። በአሜሪካ በ1984 የታተመ ጥናት ሐኪሞች ታካሚውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። በ2002 በታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ደግሞ፣ በአንድ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ሐኪሞቹ ሳያቋርጡ ሲያዳምጡ ታካሚዎቹ በአማካይ በ92 ሰከንድ ተናግረው ጨርሰዋል። ከገጠር የመጡ የእኛ አባቶችና እናቶች ነገሩን ከሥሩ ስለሚጀምሩት ጥቂት ሊረዝም ይችላል፤ ያም ቢሆን ጊዜያችንን የሚበላው ዘግይቶ የሚነገረው ነገር ነው። ስለ ጨጓራቸው ስንነጋገር የቆየን አንዲት እናት፣ ማዘዣቸውን ተቀብለው ነጠላቸውን ካስተካከሉና በሩን ከያዙ በኋላ ዘወር ብለው «ደግሞ ጡቴ ላይ ይቺ እብጠት ነገር» አሉኝ፤ የመጡበት ዋናው ጉዳይ እሱ ነበር። ስለዚህ ምርመራውን ከመጀመርዎ በፊት «ሌላስ የሚያሳስብዎ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ከሆነም «ዛሬ እነዚህን ሁለቱን እንይ፤ የቀረውን በቀጠሮ እንመለስበታለን» ማለት ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ የካንሰር ታካሚ ቤተሰቦች «እባክዎ ዶክተር፣ እንዳይነግሩት» ሲሉኝ በሁለት በኩል እጨነቃለሁ።

መልስ፦ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። እኛ መርዶን በዘፈቀደ የማንናገር ሕዝብ ነን፤ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ተቀምጦ ነው የሚነገረው። በ2000 የታተመውና ስፓይክስ የሚባለው ባለ ስድስት ደረጃ የክፉ ዜና መንገሪያ ዘዴም ቦታን በማዘጋጀት ይጀምርና ታካሚው የሚያውቀውን መጠየቅን፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ማረጋገጥን፣ በቀላል ቋንቋ መንገርን፣ ስሜቱን መቀበልንና ቀጣዩን ሕክምና አብሮ ማቀድን ያስከትላል። ልዩነቱ መርዶ ስለ ሌላ ሰው ሲሆን የምርመራው ውጤት ግን የታካሚው የራሱ መሆኑ ነው። ከቤተሰቡ ጋር አይሟገቱ፤ ለብቻ አስቀምጠው «ቢያውቅ ምን ይሆናል ብላችሁ ፈርታችሁ ነው?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጦ ምግብና መድኃኒት ያቆማል ብለው ነው። ከዚያም ታካሚውን «ውጤቱን ለራስዎ ልንገርዎ ወይስ የሚወክሉት ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁት። «ለታላቁ ልጄ ንገሩት» ካለ የራሱ ምርጫ ነውና ያክብሩለት፤ «ንገረኝ» ካለ ግን ሊዋሹት አይገባም።

ጥያቄ፦ አስታማሚ ሲጮህብኝ እኔም እጮሃለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይቀመጡ፤ እንዲቀመጥም ይጋብዙት። «እናትዎ እንዲህ ታመው እያዩ መጠበቅ ከባድ ነው» ብለው ይጀምሩ፤ ማብራሪያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለመማታት ከተነሳ ግን ጥበቃ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ወጣት ታካሚ ሞቶብኝ ወዲያው ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ። ይህን ሐዘን የት ላድርሰው?

መልስ፦ ለብቻዎ አይያዙት። የሥነ ልቦና ተንታኙ ሐኪም ማይክል ባሊንት በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጠቅላላ ሐኪሞችን በትንንሽ ቡድን እየሰበሰበ፣ ከባድ ስለሆነባቸው ታካሚና ስለ ራሳቸው ስሜት ያወያያቸው ነበር፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። ስለ ሕክምናው ስሕተት ፍለጋ ሳይሆን ስለ ሐኪሙ የሚነጋገሩበት፣ አንድ ሲኒየር ሐኪም የሚመራውና የተነገረው ከክፍሉ የማይወጣበት መደበኛ ሰዓት ይበቃል። በዚያው ዕለት ደግሞ ቢያንስ ከነርሷ ጋር ጥቂት ቆም ብላችሁ የሟቹን ስም አንሱ።

ጥያቄ፦ ችግሩ የሰው ኃይል እጥረትና የዱቲ ብዛት ሆኖ ሳለ እኛን «ታገሱ» ማለት ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ትንፋሽን ማረጋጋትም ሆነ አነጋገርን ማሳመር እንቅልፍ ያጣን ሐኪም አይተካም። የዓለም ሕክምና ማኅበር የሐኪሞችን ቃል ኪዳን በ2017 ሲያሻሽል ሐኪሙ ለራሱም ጤና እንደሚጠነቀቅ ጨምሮበታል፤ ይህን ቃል ያስገባ ተቋም ቃሉ የሚፈጸምበትን ሁኔታ የማመቻቸት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ተከታታይ ዱቲዎችን፣ ያለ ዕረፍት የተሠሩ ሰዓቶችንና በዚያ ሳቢያ ሊደርሱ ጥቂት የቀራቸው የመድኃኒት ስሕተቶችን በጽሑፍ ይመዝግቡና ከባልደረቦችዎ ጋር በጋራ ለክፍል ኃላፊው ያቅርቡ፤ የአንድ ሰው አቤቱታ እንደ ስንፍና ሊቆጠር ይችላል፣ የታካሚን ደኅንነት የሚያሳይ የጋራ መዝገብን ግን በቀላሉ ገሸሽ ማድረግ አይቻልም።