የተሰበረ የፒያኖ አግራፍ፦ ብየዳ አይነካው

ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ባለው አሮጌ ፒያኖህ አግራፍ፣ ማለትም ክር የሚያልፍባት በብሎን ጥርስ የምትታሰር የናስ ቁራጭ፣ አንገቷ ተቆርጦ ጉቶው ብረቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ላስበይዳት ወይ ብለሃል። አቦ፣ እባክህ እንዳታስበይድ! ጉቶው የቀረበት ትልቅ ፍሬም ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። ሙቀት ወይም መዶሻ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ እሱ ከተሰነጠቀ ፒያኖው አለቀለት።

መጀመሪያ የዚያችን ክሮች ፍታ፣ የጎኖቿንም አላላ። አንዱ ክር ብቻ 70 ኪሎ ገደማ ይጎትታል፤ ቀስ በቀስ፣ መነጽር አድርገህ። ከዚያ የጉቶውን መሃል ለይተህ በግራ ዙር ፑንታ (ወደ ግራ ሲዞር የሚበሳ መብሻ)፣ ትራፓኖውን ወደ ግራ እያዞርክ፣ በዝግታ ብሳው። ብዙ ጊዜ ገና ሲበሳ ራሱ ተፈትቶ ይወጣል። ፑንታው ስቶ የፍሬሙን ጥርስ (አግራፏ የምትጠብቅበትን ጠመዝማዛ ጎድጎድ) ከነካ ግን አዲሷ አግራፍ አትይዝም። እዚህ ላይ አትቸኩል።

የአዲሷን ጥርስ በዓይን አትገምት። ተመሳሳይ ደህነኛ አግራፍ ፈትተህ ለቶርኖ ባለሙያ ውሰድለት። ድሬ የባቡር ከተማ ናት፤ ቶርኖ የሚያውቅ እጅ አይጠፋም። የቀዳዳዎቹ ብዛትና ከፍታም አንድ ይሁን።

ስታስገባት ፊቷ ወደ ክሩ ካልዞረ በግድ አታጥብቅ፤ አንገቷ የሚቆረጠው እንዲያ ነው። ከስሯ ስስ የናስ ሮንዴላ (ቀለበት) አድርግ፣ ልክ ስትጠብቅ ትስተካከላለች። የቀዳዳዋ ጠርዝ ሹል ከሆነም አለስልሰው፣ አለዚያ ክሩ ይነዝራል ወይም ይበጠሳል።

አዲስ ክር ካስገባህ ቶሎ ቶሎ ይረግባል፤ ደጋግመህ ቃኘው። ፒያኖውንም ከመስኮቱ ፀሐይ አርቀው፤ የድሬ ሙቀት እንጨቱን ሲያደርቀው የመቃኛ ችንካሮቹ ይላላሉ።