ጠይቁን፦ ትራክ ከመግባት በፊት

ጥያቄ፦ የ2017 ሥሪት ቶዮታ 86 አለኝ። በሚቀጥለው ወር ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዤው ልገባ ተመዝግቤያለሁ። ለመኪናው የመደብኩት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ጓደኞቼ ጭስ ማውጫውን ቀይር ይሉኛል። ምን ላስቀድም?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ጭስ ማውጫው ይቆይ። ገንዘቡን ፍሬን ላይ ያውሉት፤ ከፍሬንም መጀመሪያ ዘይቱ ላይ። በዋናው ትራክ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ በኋላ የሚጠብቅዎት የመጀመሪያው ኩርባ ፍጥነቱን በአጭር ርቀት እንዲገድሉ ያስገድድዎታል፣ ያውም በየዙሩ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ዓመት ሙሉ ተደብቆ የኖረ ድክመት እዚያ በጥቂት ዙር ይጋለጣል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ሳይፈላ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቋቋም አለበት፤ ውሃ ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ግን 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይወርድና መኪናው አይቆምም። ለትራክ የተዘጋጀ፣ አዲስ ሳለ የሚፈላው 300 ዲግሪ ገደማ ላይ የሆነ ዶት 4 ይግዙ። አንድ ሊትር አሮጌውን ገፍቶ ለማስወጣት ይበቃል። ዶት 5 የሚል ጠርሙስ አይንኩ፤ ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ጎማ አውልቀው የፍሬን ሸራውን፣ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን፣ ይዩት። ውፍረቱ ከ6 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ይቀየር። ሸራ የሚያቆም ብቻ ሳይሆን በዲስኩና በዘይቱ መካከል ያለ የሙቀት መከላከያም ነው፤ ሲሳሳ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ዘይቱ ያልፋል። ትራክ ላይ ሁለቱን ችግሮች በእግርዎ ይለዩዋቸው፦ ፔዳሉ ከለሰለሰ ዘይቱ ፈልቷል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው እንቢ ካለ ሸራው ከአቅሙ በላይ ግሏል። በሁለቱም ፍጥነት ቀንሰው፣ ፍሬን ሳያበዙ አንድ ዙር አቀዝቅዘው ይውጡ።

ጎማው በክሪክ ከመሬት ሲነሳ ላይና ታቹን ይዘው ይነቅንቁት። የሚንገጫገጭ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው መገጣጠሚያ ተበልቷል፤ ግራና ቀኙን ሲይዙ ብቻ ከሆነ የመሪውን ዘንግ ይመርምሩ። እንዲህ ያለ መኪና ትራክ አይገባም። የጎማ ዳዶዎችን በኮከብ ቅደም ተከተል፣ ኃይል በሚለካ መፍቻ 120 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። በአየር መፍቻ ብቻ የጠበቀን አይመኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነድተው ከትራክ ከወጡ በኋላ ጎማው ሲቀዘቅዝ ደግመው ይለኩ።

የሞተር ዘይት የላይኛው ምልክት ላይ ይሁን። ካነሰ ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል፤ ከምልክቱ ካለፈ ደግሞ ክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) እየመታው አረፋ ያደርገዋል። ነዳጅም በዚሁ ምክንያት ከግማሽ አይውረድ። ባትሪውን በእጅ ነቅንቁት፣ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም። ከውስጥ ምንጣፉን ሳይቀር ያውጡ፤ ፔዳል ሥር የገባ የውሃ ጠርሙስ ከማንኛውም ብልሽት የከፋ ነው።

ሲወጡ የእጅ ፍሬን አይሳቡ። የጋለ ሸራ በቆመበት ዲስክ ወይም ከበሮ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ማርሽ ውስጥ ያስገቡና ከጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በበሩ ላይ እንደተጻፈው ጎማዎቼን 35 ፒ.ኤስ.አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ሞልቼ ዱባይ አውቶድሮም ትራክ ገባሁ። ከአምስት ዙር በኋላ መኪናው መንሸራተት ጀመረ። ጎማው አሮጌ ነው?
(ከሻርጃ)

መልስ፦ መጀመሪያ ነፋሱን ይጠርጥሩ። በሩ ላይ ያለው ቁጥር ለመንገድ፣ በቀዝቃዛ ጎማ የሚለካ ነው። ትራክ ላይ ጎማው ሲግል ከ5 እስከ 8 ፒ.ኤስ.አይ ሊጨምር ይችላል፤ ጎማው መሐሉ ላይ ይነፋና መሬት የሚነካው ክፍል ይጠባል። ለተራ የመንገድ ጎማ 28 ወይም 29 ላይ ይጀምሩ፤ ከትራክ እንደወጡ ወዲያው ይለኩና ትኩስ እያለ 35 ገደማ እስኪሆን ያስተካክሉ። ያስተነፈሱትን መልሰው ሳይሞሉ ግን ወደ አውራ ጎዳና አይውጡ።

እድሜውን ለማወቅ ከጎማው ጎን ዶት (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ቢኖርም ጎማው ከደረቀ ወይም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ለትራክ አይሆንም።