እጩው በእርግጥ ዘምቷል? ጥያቄና መልስ

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሬዲዮ ዘጋቢነት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ተቀምጫለሁ። ሰሞኑን ስለ 2004ቱ የአሜሪካ ምርጫ አንድ ነገር ብዬ ነበር። ያኔ የሁለቱም እጩዎች፣ የጆርጅ ቡሽም የጆን ኬሪም፣ የወጣትነት ውትድርና ተብጠልጥሏል። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዛብኝ። የቻልኩትን እነሆ። የአሜሪካው ነገር ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከሞጣ፦ ጋሼ፣ ከሥሩ ይንገሩን። ኬሪ የተከሰሰው በምን ነበር?

ኬሪ ቬትናም ዘምቷል። ይህን የካደ የለም። የባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባ አዛዥ ነበር። ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር የሚባሉ የጀግንነት ሜዳሊያዎች፣ ሦስት ጊዜም የቁስለኛ ሜዳሊያ ተሸልሟል። በኦገስት 2004 ግን በእንዲህ ዓይነት ጀልባዎች ላይ ያገለገሉ የቀድሞ ወታደሮች «ሜዳሊያው አይገባውም» የሚል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አስነገሩ። ከእነሱ መካከል በኬሪ ጀልባ ላይ በእሱ ሥር ያገለገለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌሎቹ የጀልባው ሰዎች አብዛኞቹ ከኬሪ ጎን ቆመዋል።

ከቡሬ፦ ጋዜጠኞቹስ ምን አደረጉ?

ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ «እነዚህ እንዲህ ይላሉ፣ እነዚያ እንዲያ ይላሉ» ብለው አለፉ። ሚዛናዊነት መስሏቸው ነው። እኔ ግን ሥራን መሸሽ ነው እላለሁ። ወረቀቱ በአንድ በኩል ቆሞ ሳለ ሁለቱን ወገን እኩል ማስቀመጥ አድማጩን ማሳሳት ነው።

የቆፈሩም ነበሩ። ከከሳሾቹ አንዱ ላሪ ተርሎ፣ በማርች 13 ቀን 1969 ኬሪ አንድ ወታደር ከወንዝ ሲያወጣ የጠላት ተኩስ አልነበረም አለ። ተርሎም በዚያው ቀን የሌላ ጀልባ አዛዥ ነበር። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የራሱን የተርሎን የሜዳሊያ ሰነድ ጠይቆ አወጣ። ሰነዱ ተኩስ ነበር ይላል። ከወንዝ የወጣው ጂም ራስማንም በሕይወት ነበር፤ ኬሪ አዳነኝ ብሎ መስክሯል።

ከዳንግላ፦ በቡሽ በኩልስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልቤን የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው።

ቡሽ በ1968 የቴክሳስን የአየር ብሔራዊ ዘብ (ተጠባባቂ ጦር ነው) ተቀላቅሎ አብራሪ ሆነ። በ1972 የጤና ምርመራውን ስላላደረገ ከበረራ ታገደ። ይህ በሰነድ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ግዴታውን በወጉ ተወጥቷል ወይ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2004 ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ በዳን ራዘር አቅራቢነት ማስታወሻዎችን አሳየ። የቡሽ አዛዥ የነበረው ሌተናል ኮሎኔል ጄሪ ኪሊያን በ1972 እና በ1973 የጻፋቸው ናቸው ተባለ። ኪሊያን በ1984 ሞቷል፤ አይጠየቅም። በእጃቸው የነበረውም ቅጂ ብቻ ነው።

ሰዓታት ሳይቆይ ሰዎች ፊደሉን ተመለከቱ። የዚያን ዘመን የጽሕፈት መኪና ሳይሆን ኮምፒውተር የጻፈው ይመስላል አሉ። ጣቢያው ሁለት ሳምንት ያህል ተከራከረ። ሴፕቴምበር 20 ቀን ማረጋገጥ እንዳልቻለ አመነ። ጉዳዩ በገለልተኛ ቡድን ተመርምሮ በጃንዋሪ 2005 ሪፖርቱ ወጣ። አዘጋጇ ሜሪ ማፕስ ተባረረች፣ ሦስት ኃላፊዎች እንዲለቁ ተጠየቁ። ራዘርም በማርች ከዋናው ዜና ወንበር ተነሣ። ሰነዶቹን ካዩት ባለሙያዎች መካከል ሥርጭቱ ሳይጀመር የተጠራጠሩ ነበሩ። አልተሰሙም።

ትክክለኛው ጥያቄም ከወረቀቶቹ ጋር ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ስለ ፊደል እንጂ ስለ 1972 አልነበረም። ያልተረጋገጠ ማስረጃ እውነተኛውንም ጉዳይ ይዞት ይሞታል።

ከባሕር ዳር፣ የጋዜጠኝነት ተማሪ፦ ለእኛ በቴሌግራም የሰነድ ፎቶ ይላክልናል። ምን ልጠይቅ?

ዋናው የት አለ? መጀመሪያ ከማን እጅ ወጣ? ማን ጻፈው፣ ማን ፈረመው፣ በሕይወት አለ? «ምንጬን አልናገርም» የሚል ሰው ካመጣልህ ሌላ መንገድ ፈልግ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ ጠይቅ። በኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶሃል። ብዙ ሰው አይሞክረውም።

ከቢቸና፦ በበላይ ዘለቀ አገር አርበኛ ነኝ ባይ ሞልቷል። አባቶች እንዴት ይለዩ ነበር?

ሰው የሚፎክረው አብሮት የዘመተ ባለበት ነበር። የዋሸ እዚያው ፊት ለፊት ይያዛል። በሬዲዮ ግን ማይክሮፎኑ ፊት አብሮ ዘማች የለም። ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ አዛውንት የጣሊያንን ጊዜ ተረኩልኝ። ፉከራቸው ልብ ያሞቅ ነበር። ሳላጣራ አስተላለፍኩት። በሳምንቱ አንዲት እናት ከገጠር በእግራቸው መጡ። «የተናገሩት የባሌን ነው። ባሌ ከዚያ ወንዝ አልተመለሰም» አሉኝ። ሄጄ አጣራሁ፤ እውነታቸውን ነበር። እርማት አስነገርኩ። ፉከራውን የሰማው ሕዝብ ግን እርማቱን አልሰማውም።

ከፍኖተ ሰላም፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?

ይባላል። ምርጫ ግን ቀን ተቆርጦለታል፤ እስኪጠራ አይጠብቅም። የኬሪው ክስ በኦገስት ተነሣ፣ ድምፁ በኖቬምበር 2 ተሰጠ።

ከእንጅባራ፦ እጩው ራሱ አጋንኖ ከሆነስ?

ያኔ ያለ ርኅራኄ ይዘገብ፣ ግን በልኩ። በ2010 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የሴኔት እጩው ሪቻርድ ብሉመንታል «ቬትናም አገልግያለሁ» ማለቱን አጋለጠ። ያገለገለው በማሪን ተጠባባቂ ጦር ነው፤ ቬትናም አልረገጠም። በሌላ ጊዜ በትክክል የተናገረበትም ስለነበር ሁለቱንም ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ተሳስቼ ተናገርኩ አለ። ሕዝቡ አይቶ መረጠው።

ከደብረ ኤልያስ፦ አባቴ በቀድሞው ጦር ኤርትራ ዘምቷል። ወረቀቱ ጠፍቷል። አሁን «አልዘመተም» ይሉናል።

የኔ ልጅ፣ ወረቀት ጠፋ ማለት አልዘመተም ማለት አይደለም። በአሜሪካ በ1973 ሴንት ሉዊስ ላይ የነበረው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ ፋይል ወድሟል። የነዚያን ሰዎች አገልግሎት ከደመወዝ ዝርዝርና ከሌላ መዝገብ እየለቀሙ ነው የሚያረጋግጡት። አንቺም እንደዚያው ጀምሪ። የክፍሉን ቁጥር፣ የአዛዡን ስም፣ የሠለጠነበትን ቦታ፣ አብሮት የነበረ አንድ ሰው፣ ያስታወሳችሁትን ሁሉ ጻፊና ላኪልኝ። ከዚያ ጦር የተመለሱ ጎረቤቶች አሉኝ፤ እኔም እጠይቅልሻለሁ።