ለፕሪንተሩ ቋሚ አይፒ፣ ለእንግዳው የሰዓታት

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። በኔትወርክ ሌቭል 4 ጨርሻለሁ፤ ሲኦሲም አልፌያለሁ። ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለአይቲ ሥራ የጽሑፍ ፈተናውን አልፈሻል ብሎ ለተግባር ፈተና ጠርቶኛል። ዲኤችሲፒ ሰርቨሩን (ለየዕቃው አይፒ፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውን) ለቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ለፕሪንተሮች፣ ለካሜራዎችና ለእንግዶች ስልክ ለየብቻ አስተካክይ ነው የሚሉት። ክላስ ላይ የሠራነው አንድ ስኮፕ (የሚታደሉ አድራሻዎች ክልል) ከፍቶ መተው ብቻ ነበር። ይቅርብኝና መጀመሪያ ሲሲኤንኤ (የሲስኮን የኔትወርክ ሰርተፍኬት) ልማር?»

እህቴ፣ አይቅርብሽ። ሂጂና ተፈተኚ። ሲሲኤንኤ ጥሩ ነው፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ የፈተናው ክፍያም በዶላር ነው። ትምህርት ቤቱ እስከዚያ አይጠብቅሽም።

እንዲህ ያለ ፈተና የሚያወጣ ሰው የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫኚ ብዙም አያስጨንቀውም። ዕቃዎቹን እንዴት እንደምትለያቸው ማየት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሰርቨሩን ከመንካትሽ በፊት ወረቀት ጠይቂና ሁለት ነገር ጻፊ፦ ከቦታው የማይነቃነቀው የትኛው ነው? መጥቶ የሚሄደውስ?

ፕሪንተርና ካሜራ አይነቃነቁም። ሬጂስትራሯ የተማሪ ካርድ ልታትም ስትል የፕሪንተሩ አይፒ ተቀይሮ ከሆነ፣ ኮምፒውተሯ የሚልከው ወደ ድሮው አድራሻ ነው። «ኦፍላይን» ይላታል፣ አንቺ ትጠሪያለሽ። መፍትሔው ሪዘርቬሽን ነው። ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈውን ማክ አድራሻ (የዕቃውን የራሱ መለያ ቁጥር) ገልብጠሽ ሰርቨሩ ላይ ከአንድ አይፒ ጋር ታስሪዋለሽ። ፕሪንተሩ ላይ በእጅ ከመጻፍ ይሻላል፤ ነገ ኔትወርኩ ቢቀየር የምታስተካክይው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል።

እንግዶቹ ላይ ነው ጨዋታው። የወላጆች ስብሰባ ቀንን አስቢው። የተለመደው ስኮፕ ቢበዛ 254 አድራሻ ነው ያለው። ዊንዶውስ ሰርቨር ደግሞ ካልነካሽው ሊዙን (አንድ ዕቃ አይፒውን ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) 8 ቀን ያደርገዋል። ወላጁ ሻይ ጠጥቶ ቤቱ ገብቷል፣ አይፒው ግን በስልኩ ስም እንደተያዘ ነው። አልጋ ቤት ውስጥ እንግዳው ቁልፉን ይዞ እንደሄደ ማለት ነው። በማግስቱ አድራሻ የሚያጣው መምህሩ ነው። ለእንግዳ ዋይፋይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይበቃል። ለቢሮ ኮምፒውተር 8 ቀኑን ተይው።

ዳይሬክተሩ «ለስልኬም ቋሚ አይፒ» ቢሉሽ ተጠንቀቂ። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ዋይፋይ ላይ እውነተኛውን ማክ ደብቀው የፈጠሩትን ነው የሚሰጡት። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ለዚያ ዋይፋይ ካላጠፋሽው ሪዘርቬሽኑ ላይሠራ ይችላል።

ብዙ ተመራቂ የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። አንድ ስኮፕ «ለእንግዳ»፣ ሌላውን «ለቢሮ» ብሎ ስም ያወጣና ሰርቨሩ በራሱ የሚለይ ይመስለዋል። አይለይም። መጀመሪያ ስዊቹና አክሰስ ፖይንቱ ላይ በቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለየብቻ በሚከፋፍል ዘዴ) ትለያቸዋለሽ። ዕቃው አይፒ ሲጠይቅ ለሁሉም ነው የሚጮኸው፤ ጩኸቱ ደግሞ ከራሱ ቪላን አያልፍም። ራውተሩ ላይ ሪሌይ ስትከፍቺ ጥያቄውን ተቀብሎ፣ ከየትኛው ኔትወርክ እንደመጣ ጨምሮ ለሰርቨሩ ያደርስለታል። ሰርቨሩ ስኮፑን የሚመርጠው በዚያ ነው። ይህን በራስሽ አማርኛ ማስረዳት ከቻልሽ ፈተናውን ግማሽ በግማሽ አልፈሻል።

ሆን ብለው ሊያበላሹብሽም ይችላሉ። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አይፒ ካሳየሽ ዲኤችሲፒ አላገኘም ማለት ነው፤ ገመዱን፣ ቪላኑንና ሪሌዩን እዪ። የማታውቂው ዓይነት አይፒ ከመጣ ደግሞ አንዱ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰክቶ ይሆናል። ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ካልተፈቀደ ቦታ የሚመጣ የአይፒ እደላን የሚከለክል መቆጣጠሪያ) ያለው ስዊች ይህን ያግዳል።

የመብራቱንም ጉዳይ አንሺላቸው። ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሮቹ ከሰርቨሩ ቀድመው ይነሱና አይፒ ሊያጡ ይችላሉ። «ሰርቨሩና ስዊቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ናቸው ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂ፣ እኔ ፈታኝ ብሆን እዚያው ነው የምቀጥርሽ።

ለልምምድ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ቨርቹዋልቦክስ (ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ጫኝ፤ የዊንዶውስ ሰርቨር የ180 ቀን ሙከራ በነፃ ይወርዳል። ሊኑክስ ከመረጥሽ ኬያ የሚባለውን የዲኤችሲፒ ፕሮግራም ሞክሪ፤ የድሮው አይኤስሲ ዲኤችሲፒ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድጋፉ ቆሟል። ማይክሮቲክ ራውተር የሚያውስሽ ካገኘሽም ሊዝ ዝርዝሩ ላይ «ሜክ ስታቲክ» የሚለውን እዪው፤ ሪዘርቬሽን በአንድ ክሊክ ነው።

ደመወዝ ስንት ትፈልጊያለሽ ካሉሽ ቁጥር አትጥሪ። መጀመሪያ የአይቲው ሠራተኛ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ጠይቂ። ካሜራውም፣ ፕሪንተሩም፣ የኮምፒውተር ክላሱም አንቺው ላይ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ቤትሽ ቅርብ መሆኑን ግን አታንሺ፤ ትራንስፖርት አበል ካላቸው እሱን ያስቀሩብሻል።