የሚፋጭ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት፦ ለወጣት መካኒኮች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ዕድሜ የጠገበ ስፖርት መኪና መጥቶ ባለቤቱ «ካምቢዮው ይፋጫል» ሲላችሁ እጃችሁ ወደ ክሪክ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ታገሡ። መጀመሪያ ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ጠይቁ። መኪናው ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ? በአንድ ማርሽ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? ማርሽ ሲጨመር ነው ወይስ ሲቀነስ? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው ወይስ ከሞቀም በኋላ? ደንበኛው «ሁልጊዜ ነው» ካላችሁ አብራችሁት ንዱ፤ «ሁልጊዜ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወርድ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ምርመራችሁ ሞተሩን ከካምቢዮው ከሚያላቅቀው ከፍሪሲዮን ይጀምር። ማርሽ የሚፋጨው መያያዝ ያለባቸው ጥርሶች በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ሲገናኙ ነው። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ ሞተሩ የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ መጎተቱን ይቀጥላል፤ እንዲህ ሲሆን ጤነኛ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ክፍል) እንኳ አይችለውም። በፍሪሲዮን ጥፋት የወረደ ካምቢዮ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተገጥሞ ያንኑ ድምፅ ይዞ ይመለሳል።

ፈተናው ቀላል ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከፊትም ከኋላም ሰው አይቁም። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ፣ በዜሮ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ 10 ሰከንድ ቆዩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ወዲያው ብታስገቡት ቢፋጭ ማንንም አይከስስም፤ የብዙ አሮጌ ካምቢዮዎች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ስለሌለው ዘንጉ በራሱ ግፊት ዞሮ እስኪቆም መጠበቅ አለበት። ከ10 ሰከንድ በኋላም ከተፋጨ ግን ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ሞተሩን አጥፉት። ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ በቀላሉ እየገባ፣ ሲነሣ እምቢ ካለ ጉዳዩ አብቅቷል። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትረግጡት ማርሹ የሚገባ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮን ዘይት መስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም የፖምፔታው (የፔዳሉን ግፊት በዘይት የሚያስተላልፈው ሲሊንደር) ጎሚኒ አልቋል።

ከዚያ ሥራው ዓይንና እጅ ነው። ፔዳሉ ሥር የተጣጠፈ ምንጣፍ ካለ አንሡ፤ ትስቃላችሁ፣ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር የፔዳል ጉዞ ማጣት ብቻውን ማርሽ ያስፈጫል። የፍሪሲዮን ዘይቱን መጠን እዩ። የታችኛውን፣ ማለትም ካምቢዮው ጋ ያለውን ፖምፔታ የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ገለጥ አድርጉ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ያፈስሳል። ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የላይኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚያፈስሰው ወደ መኪናው ውስጥ በፔዳሉ ዘንግ በኩል ስለሆነ፣ ከውጭ ብቻ የሚያይ ሰው ያመልጠዋል። ረዳት ፔዳሉን ሲረግጥ የላስቲክ ቱቦውን በእጃችሁ ጨብጡት፤ ከተነፋ ግፊቱን እየበላ ነው። በመጨረሻም የታችኛው ፖምፔታ ዘንግ የሚገፋውን ርቀት ለኩ። በብዙዎቹ መኪኖች ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ይገኛል። ከ1989 እስከ 1997 በተሠራው የመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ይህ የታችኛው ፖምፔታ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው። እኔ ሁለቱንም ፖምፔታዎች አንድ ላይ መቀየርን እመርጣለሁ፤ አንዱ ሲታደስ የሌላው የደከመ ጎሚኒ ብዙም አይቆይም።

ዘንጉ በቂ ርቀት እየገፋ ፍሪሲዮኑ አሁንም ካልለቀቀ ችግሩ ውስጥ ነው፦ ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው ሹካ መጣመም፣ የሹካው መደገፊያ መበላት፣ ዲስኩ በዘንጉ ጥርሶች ላይ ዝጎ አለመንሸራተቱ፣ ወይም ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ መንከስ። የመጨረሻዋ ተንኮለኛ ናት፤ ፍሪሲዮኑ ቢለቅም ዘንጉን ከሞተሩ ጋር ታዞረዋለች። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ መኪና ከሆነ ዲስኩ ራሱ ቮላኖው ላይ በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ወደ ሲንክሮናይዘር እንሂድ። አሠራሩን ካልተረዳችሁ በግምት ትሠራላችሁ። ብዙውን ጊዜ ከነሐስ መሰል ብረት የሚሠራው ቀለበት የማርሹን ሾጣጣ ክፍል ይዞ በፍትጊያ ፍጥነቱን ያስተካክላል፤ ፍጥነቱ እስኪስተካከል ድረስም ማርሹን የሚያያይዘውን ተንሸራታች አንገት አያሳልፍም። የቀለበቱ ውስጣዊ ሹል መስመሮች ሲያልቁ ዘይቱን ጨምቆ ማስወጣት ያቅተዋል፣ ይንሸራተታል፣ ማርሹም ይፋጫል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የሁለተኛ ማርሽ ነው። በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ሰፊ ነው፤ በዚያ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወረድ ቀለበቱ ዘንጉን ማፍጠን ይጠበቅበታል።

መፈተኛው ድርብ ፍሪሲዮን ነው። ከሦስተኛ ስትወርዱ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ልቀቁ፣ ነዳጅ ሰጥ አድርጋችሁ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጉ፣ እንደገና ረግጣችሁ ሁለተኛን አስገቡ። ፍጭቱ ከጠፋ፣ እናንተ በእግራችሁ የሠራችሁትን ሥራ መሥራት ያቃተው ሲንክሮናይዘሩ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቀድሞዎቹ ጃጓር ኢ-ታይፕ 3.8 እና እስከ 1967 የነበሩት ኤምጂቢዎች አንደኛ ማርሻቸው ከመጀመሪያውም ሲንክሮናይዘር የለውም። እየሄዱ አንደኛ ሲገባ መፋጨታቸው ተፈጥሯቸው ነው፤ ለደንበኛው አስረዱት እንጂ አትፍቱበት።

ካምቢዮውን ከማውረዳችሁ በፊት ዘይቱን አፍስሱ። የመሙያውን ቡሎን ሳትፈቱ የማፍሰሻውን አትንኩ፤ መሙያው አልፈታ ካለ ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ማግኔት ያለው ቡሎን ላይ የሚገኝ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው። ወርቃማ ብናኝ የቀለበቶቹ ነው። በጣት የሚዳሰስ የብረት ስብርባሪ ካለ ግን መኪናው ከዚያ በኋላ አይነዳ።

የዘይት ዓይነት ብዙዎች የሚንቁት ነገር ነው። ከማርሽ ዘይት ደረጃዎች «ጂኤል-5» ከ«ጂኤል-4» ይበልጣል ብላችሁ አትሙሉ። «ጂኤል-5» ለዲፈረንሻል ከባድ ጫና የተዘጋጀ ነው፤ ተጨማሪ ኬሚካሎቹ ለብዙ አሮጌ ካምቢዮዎች ቀለበት ከልክ ያለፈ ማንሸራተት ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹም መዳብ ያለበትን ብረት ይበላሉ። ባለ አምስት ማርሹ ኤምኤክስ-5 «75ደብሊው-90 ጂኤል-4» ወደ 2 ሊትር ይወስዳል። የኤምጂቢ ካምቢዮ ግን የሚጠጣው «20ደብሊው-50» የሞተር ዘይት ነው። ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት መጽሐፉን ክፈቱ። የተሳሳተ ዘይት የነበረበት ካምቢዮ ትክክለኛው ተሞልቶለት ጥቂት ሲነዳ ፍጭቱ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ ከሁሉም ርካሹ ጥገና ይህ ነው።

ማርሽ ሳይቀየር የሚሰማ የማያቋርጥ ድምፅ ሌላ ጉዳይ ነው። በዜሮ ማርሽ ፔዳሉ ሳይረገጥ ተሰምቶ ሲረገጥ ከጠፋ፣ የካምቢዮው ውስጥ ኩሽኔታዎች ናቸው። ሲረገጥ ከጀመረ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ነው።

መፍታት ግድ ከሆነ፣ ቀለበቱን ሾጣጣው ላይ በእጃችሁ ተጭናችሁ በቀለበቱና በማርሹ ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን በሦስት ቦታ ለኩ። በብዙ ካምቢዮዎች 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ የመጣያ ወሰን ነው። የተንሸራታቹ አንገት የጥርስ ጫፎች ሹልነታቸውን ካጡ አዲስ ቀለበት ብቻ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ አንገቱም አብሮ ይቀየር። ሾጣጣው ከተቧጨረ ማርሹ ራሱ መለወጥ አለበት። ከተገጠመ በኋላ ባለቤቱ ለመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትር ማርሹን ሳይቸኩል ይቀይር፤ ከዚያ ዘይቱን አውጡና ማግኔቱን እንደገና እዩት።