በተፈላ ወተት ውስጥ የተገኘው ዲኤንኤ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ አካባቢ ሦስት ላሞች አሉኝ። ባለፈው ዓመት አንዷ በሰባት ወሯ አስወረደች። በዚያው ሰሞን አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ መጥቶ ከጥሬው ወተትም፣ አፍልቼ ካስቀመጥኩትም ናሙና ወሰደ። በኋላ ደውሎ "በሁለቱም የብሩሴላ ዲኤንኤ በፒሲአር ተገኝቷል" አለኝ። እኔ ሳላፈላ ለልጆቼ ሰጥቼ አላውቅም። ማፍላቱ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አለው! ማፍላቱን እንዳይተዉ። ብሩሴላ ላም የሚያስወርድ፣ በጥሬ ወተትም ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው። ፒሲአር የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ የሚያየው ግን ባክቴሪያውን ሳይሆን ዲኤንኤውን፣ ማለትም የዘር መለያውን ነው። ባክቴሪያው ይሙት ይኑር አይለይም።

አሠራሩን ላሳይዎት። ከወተቱ የወጣው ዲኤንኤ የጣት ጫፍ በምታህል ቱቦ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ እስከ 95 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ የዲኤንኤው ሁለት ክሮች ይላቀቃሉ። ቀዝቀዝ ሲል ፕራይመር የሚባሉ ቁርጥራጮች የሚፈልጉት ቦታ ላይ ይለጠፋሉ፣ ለብሩሴላ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አይኤስ711 የሚባለው ቦታ ነው፣ ከዚያ ኢንዛይሙ ቅጂ ይሠራል። በየዙሩ እጥፍ ነው። አንዷ ቁራጭ ከ30 ዙር በኋላ ወደ ቢሊዮን ትጠጋለች። እንግዲህ ያስቡት፦ 95 ዲግሪን ሠላሳ ጊዜ የሚችል ዲኤንኤ እርስዎ ድስት ውስጥ አንዴ ቢፈላ አይጠፋም። ባክቴሪያው ግን ይሞታል። 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ እንኳ ይበቃዋል፤ የፋብሪካ ወተት የሚታከመው እንዲያ ነው።

በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ ብሩሴላ የላቦራቶሪ ሠራተኞችን ራሳቸውን በቀላሉ ስለሚይዝ በየቦታው አይሠራም።

እኔን ያሳሰበኝ የጥሬው ውጤት ነው። ላሟ ተይዛለች ማለት ይሆናልና የእንስሳት ሐኪም ጠርተው የሦስቱንም ደም ያስመርምሩ። ሌላ ላም ካስወረደች ጽንሱንም የእንግዴ ልጁንም በባዶ እጅ አይንኩ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ውሻ እንዳያወጣው። እርጎውም ቅቤውም ካልፈላ ወተት ከሆነ ያው ነው፣ መኮምጠጡ ዋስትና አይሆንም። ከቤተሰቡ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ካለ ደግሞ ሐኪም ጋ ሲሄድ "ላማችን አስወርዳ ነበር" ብሎ አፍ አውጥቶ ይናገር። ይህ በሽታ ወባ ወይም ታይፎይድ እየተባለ ሰው ብዙ ይሰቃያል። መድኃኒት አለው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት፣ ለስድስት ሳምንት ያህል። ሲሻለኝ ልተወው ማለት አይገባም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ሽሮ ትልክልኛለች። የአራት ዓመት ልጄ የለውዝ አለርጂ አለበት፤ ሽሮው የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ደግሞ ለውዝም ይፈጫል አሉኝ። በፒሲአር ላስመርምረው?

መልስ፦ እዚህ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። የልጅዎን ሰውነት የሚያስቆጣው የለውዙ ፕሮቲን ነው፣ ዲኤንኤው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኤላይዛ የሚባለው ምርመራ ነው፤ ፕሮቲኑን በፀረ እንግዳ አካል ይዞ መጠኑን ይለካል። ፒሲአር "ለውዝ ነክቶታል" ለማለት ይረዳል እንጂ ስንት ፕሮቲን እንዳለ አይነግርዎትም። ለእንቁላልና ለወተትማ ጭራሽ አይሆንም፦ የእንቁላልና የዶሮ ሥጋ፣ የወተትና የበሬ ሥጋ ዲኤንኤ አንድ ነው።

ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ምርመራውም ቢሆን ብዙ አያሳርፍዎትም። ወፍጮው ውስጥ የቀረ ለውዝ ከሽሮው ጋር እኩል አይደባለቅም። ከላይ የተዘገነው ንጹሕ ሆኖ የከረጢቱ ታች ሊኖረው ይችላል። ሽሮው ሲንተከተክም ብሩሴላን እንደሚገድለው እሳት አይሆንልዎትም፤ የለውዝ ፕሮቲን ሙቀት ይችላል።

እናትዎ የተቆላውን ሽምብራና አተር ሳያስፈጩ ይላኩልዎት፣ ለውዝ ነክቶት በማያውቅ መፍጫ እቤት ይፍጩት። ልጁ ሽምብራና አተር ይስማማው እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቁ፣ የለውዝ ዘመዶች ናቸውና። እስከዚያው ያንን ሽሮ አይስጡት። ማማሰያውንም ለይተው ያስቀምጡ።