ስትርቶክ ባዶውን መስክ ለምን ይዘለዋል? የጂፒኤስ መስመር በሲ ለምትቆርጡ

ወንድሜ ጥያቄህን በደንብ አነበብኩት። ለመመረቂያ ፕሮጀክትህ የመኪና መከታተያ እየሠራህ ነው። ከጂፒኤስ ሪሲቨሩ የሚመጣውን መስመር በስትርቶክ (strtok፣ በሲ ቋንቋ ጽሑፍን በመለያ ምልክት የሚቆራርጥ ፈንክሽን) ኮማው ላይ ትቆርጣለህ። መኪናው ሲሄድ ሁሉም ልክ ነው፤ መብራት ይዞት ሲቆም ግን አቅጣጫው «120525 ዲግሪ» ይላል። ብዙ መስመር አንድ ላይ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ያነባል። አርዱዊኖ (ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ላይ የሚሠራው የሙከራ ኮድ ላፕቶፕህ ላይ ሴግሜንቴሽን ፎልት (የተከለከለ ሜሞሪ ነክተሃል የሚል ስህተት) ብሎ ይወድቃል። በዚያ ላይ የሾፌሮቹን ስም በአማርኛ ነጠላ ሰረዝ ስትለይ የማይነበብ ነገር ይወጣብሃል።

እኔ ሥራዬ ከእንዲህ ዓይነት መሣሪያ የሚመጣ ጽሑፍ የሚያነብ ኮድ መጻፍና የሌላውን መጠገን ነው። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። አራቱም ችግሮች መነሻቸው አንድ ነው፤ ስትርቶክ ውስጡ የሚሠራው ነገር ከውጭ አይታይም።

ከአቅጣጫው ልጀምር። 120525 አቅጣጫ አይደለም፣ ቀን ነው፤ 12ኛው ቀን፣ 5ኛው ወር፣ 2025 ማለት ነው። ሪሲቨሩ ቦታና ፍጥነት በሚልክበት አርኤምሲ (RMC) በሚባለው መስመር ውስጥ 7ኛው መስክ ፍጥነት፣ 8ኛው አቅጣጫ፣ 9ኛው ቀን ነው። መኪናው ሲቆም ብዙ ሪሲቨሮች የአቅጣጫውን ቦታ ባዶ ይተዉታል፤ የቆመ ነገር ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅማ። ስለዚህ የመስመሩ አንዱ ክፍል እንዲህ ይሆናል፦

0.02,,120525

አሁን ባይት በባይት እንየው። ከ0 ስንቆጥር ኮማዎቹ 4ኛና 5ኛ ቦታ ላይ ናቸው። ስትርቶክ ስትጠራው 4ኛው ላይ ያለውን ኮማ ያገኝና እዚያው ላይ ዜሮ (የጽሑፍ ማብቂያ ምልክት) ይጽፍበታል። የመጀመሪያውን ባይት አድራሻ ይመልስልሃል፤ 5ኛውን ቦታ ደግሞ ውስጡ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ በጽሑፉ ፈንታ ነል (NULL፣ ባዶ አድራሻ) ሰጥተህ ስትጠራው ከ5ኛው ይነሳል። ግን ቃል መፈለግ ከመጀመሩ በፊት ፊቱ ያገኘውን መለያ ሁሉ ይዘላል። 5ኛው ላይ ያለው ኮማ በዚሁ ታለፈ። የሚመልስልህ 6ኛውን ነው፣ ማለትም ቀኑን። ባዶው መስክ እንደነበረ የሚነግርህ ምንም ምልክት የለም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ግራ ይንሸራተታል።

ይህ ስህተት አይደለም፤ ፈንክሽኑ ሲፈጠርም እንዲህ ነው። በክፍት ቦታ የተለያዩ ቃላትን ለመልቀም በጣም ጥሩ ነው፤ ሁለት ክፍት ቦታ ቢደጋገም ግድ የለህም። ቦታው ራሱ ትርጉም ላለው መዝገብ ግን አይሆንም። ጂፒኤስም ይሁን ከኤክሴል የወጣ ሰንጠረዥ፣ ባዶ መስክ ሊኖረው የሚችል ነገር ላይ ስትርቶክን አትጠቀም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ምን ልጠቀም ካልከኝ እኔ ስትርሲስፓንን (strcspn) እመርጣለሁ። ከመለያዎቹ አንዱን እስኪያገኝ ስንት ባይት እንዳለ ቆጥሮ ይነግርሃል፤ ጽሑፉን አይነካም። ሐሳቡ ይህን ያህል ነው፦

ርዝመት = ስትርሲስፓን(መነሻ, ",*")
መስኩ ከመነሻ ጀምሮ ርዝመት ያህል ባይት ነው
መነሻ[ርዝመት] ኮማ ካልሆነ አቁም
መነሻ = መነሻ + ርዝመት + 1

ርዝመቱ 0 ከሆነ መስኩ ባዶ ነው፤ በቃ፣ ግልጽ ሆኖ ታየህ። የቆመ መኪና ከሆነ የድሮውን አቅጣጫ ይዘህ ትቆያለህ። ርዝመቱን ሳታይ በቀጥታ በኤቶኤፍ (atof፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይር ፈንክሽን) ብትቀይረው ግን ባዶው 0 ሆኖ ይመጣና መኪናው ወደ ሰሜን የዞረ ይመስልሃል። ቁጥር ያለበትን መስክ ቆርጠህ ሌላ ቦታ መቅዳት አያስፈልግህም፤ ኤቶኤፍ ኮማው ጋ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። በፕሪንትኤፍ (printf) ርዝመት ሰጥተህ የምታትመው ከሆነ ርዝመቱን ወደ ኢንት (int) ቀይረው፤ ስትርሲስፓን የሚመልሰው ሌላ የቁጥር ዓይነት፣ ሳይዝ-ቲ (size_t) ነው።

ስትርሴፕ (strsep) የሚባለውም ፈንክሽን ባዶውን መስክ ያከብራል። ከቢኤስዲ (ከዩኒክስ ቤተሰብ የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የመጣ ነው፤ ሊኑክስ ላይም ለአርዱዊኖ ኡኖ በሚያገለግለው ላይብረሪም አለ፣ የማይክሮሶፍቱ ላይ ግን የለም። እሱም ቢሆን ጽሑፉ ላይ ዜሮ ይጽፋል። ያ ደግሞ አንተ ጋ ሌላ ጣጣ አለው። መስመሩ መጨረሻ ላይ ከኮከቡ (*) ምልክት በኋላ ያለው ቼክሰም (መስመሩ ሳይበላሽ መድረሱን የምታረጋግጥበት ቁጥር) የሚሰላው በመስመሩ መነሻ ባለው ዶላርና ($) በኮከቡ መካከል ያለውን ባይት ሁሉ፣ ኮማዎቹን ጨምሮ፣ በኤክስኦር (XOR፣ ቢት በቢት የሚሠራ ስሌት) በማጣመር ነው። ከተቆረጠ በኋላ ካሰላኸው ኮማዎቹ የሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ቼክሰሙን አረጋግጥ፣ ከዚያ ቁረጥ። ሽቦ ላይ የሚበላሽ መስመር ብዙ ነው፤ ይህን እርምጃ ፕሮጀክት ነው ብለህ አትዝለለው።

የመጀመሪያው መስመር ብቻ መነበቡ ቀላል ነው። ውጪኛው ሉፕህ በአዲስ መስመር ምልክት ይቆርጣል፣ ውስጠኛው በኮማ። ስትርቶክ ግን ማስታወሻው አንድ ብቻ ነው። ውስጠኛው ሲጀምር የውጪኛው ቦታ ተሰረዘ፤ ውስጠኛው ሲጨርስ ውጪኛው በነል ይጠራል፣ «አለቀ» የሚል መልስ ያገኛል። መፍትሔው ስትርቶክ_አር (strtok_r) ነው፤ ሦስተኛ አርጉመንት ስላለው እያንዳንዱ ሉፕ የራሱን ፖይንተር (የቦታ አድራሻ መያዣ) ይይዛል። ማይክሮሶፍት ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ስትርቶክ_ኤስ (strtok_s) ነው። የሲ 2011 ስታንዳርድ ላይም በዚሁ ስም የተጠራ አለ፣ ግን አራት አርጉመንት ነው የሚቀበለው፤ ኮድ ከኢንተርኔት ስትገለብጥ ይህን ተጠንቀቅ።

ላፕቶፕህ ላይ የሚወድቀው የሙከራውን መስመር በቻር ፖይንተር ስላስቀመጥከው ነው። በጥቅስ ውስጥ የተጻፈ ስትሪንግ አይነካም። ፒሲ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው መጻፍ በተከለከለ ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ስትርቶክ ዜሮውን ሊጽፍ ሲል ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ስትሪንጉ ራም ውስጥ ስለሚገለበጥ ዝም ብሎ ይሠራል። ሠራ ማለት ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም። ከፖይንተር ይልቅ አሬይ አድርገው፣ ያልፋል። ከሪሲቨሩ ለሚመጣው ደግሞ አንድ መስመር በጂፒኤስ መስመሮቹ ስታንዳርድ (NMEA) ከ82 ፊደል አይበልጥም፤ 100 ባይት በፈር (ማስቀመጫ ቦታ) ይበቃሃል።

የአማርኛው ጉዳይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነው፣ ለዚህ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። የስትርቶክ ሁለተኛ አርጉመንት አንድ መለያ ቃል አይደለም፤ እያንዳንዱ ባይት ለብቻው መለያ ነው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) «፣» ሦስት ባይት ናት፦ 225፣ 141፣ 163። ችግሩ 225 ላይ ነው። መደበኛዎቹ የግዕዝ ፊደሎች ሁሉ በ225 ነው የሚጀምሩት። «አበበ» ማለት 225 138 160፣ 225 137 160፣ 225 137 160 ነው። ስትርቶክ እያንዳንዱን 225 እንደ መለያ ቆጥሮ ይጥለውና ስሙን ሦስት ቦታ ይቆራርጠዋል። የቀሩት ሁለት ሁለት ባይቶች ብቻቸውን ፊደል አይሆኑም፤ ስክሪንህ ላይ ያየኸው እሱ ነው። ስትርሲስፓንና ስትርሴፕም እዚህ ላይ እንደዚያው ያበላሹታል።

መፍትሔው ስትርስትር (strstr) ነው። እሱ «፣»ን እንደ ሙሉ የሦስት ባይት ሰንሰለት ይፈልጋል፤ ዩቲኤፍ-8 ደግሞ የተሠራበት መንገድ የአንዱ ፊደል መሐል ከሌላው መጀመሪያ ጋር እንዳይምታታ ያደርጋል። ባገኘው ቦታና በመነሻህ መካከል ያለው ስም ነው፤ ከዚያ በስትርሌን(መለያ) ያህል፣ ማለትም በመለያው የባይት ርዝመት ልክ፣ ዘልለህ ቀጥል። አንድ ሳይሆን ሦስት ባይት መዝለልህን እርግጠኛ ሁን። ነል ሲመልስልህ የቀረው የመጨረሻው ሾፌር ስም ነው፤ ሉፑን ከማቋረጥህ በፊት እሱንም መዝግበው።